ምርመራ ያላለፈ አሮጌ መኪና ምን ይደረግ? ጥያቄና መልስ

ዓመታዊውን የቴክኒክ ምርመራ ሳያልፉ የቀሩ አሮጌ መኪኖችን በተመለከተ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ለብዙዎች ይጠቅማሉ ያልኳቸውን መርጬ ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለ መኪናዬ ዘንድሮ በፍሬን፣ በጭስና በሻንሲ ዝገት ምክንያት ምርመራውን ወድቋል። ላሠራው ወይስ ልገላገለው?

መልስ፦ ሦስቱን ችግሮች በእኩል ዓይን አይመልከቷቸው። የፍሬን ሸራ፣ ጎማና መብራት በአገልግሎት የሚያልቁ ዕቃዎች ስለሆኑ በእነሱ ምክንያት መኪና አይጣልም። ጥቁር ጭስ አንዳንድ ጊዜ ከተዘጋ የአየር ማጣሪያ ሊመጣ ይችላል፤ ሰማያዊ ጭስ ግን ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ስለሚያመለክት ወጪው ከፍ ይላል። ዋናው ጉዳይ ሻንሲው ነው። መካኒክዎ መኪናውን ከፍ አድርጎ ከሥሩ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ዝገቱን በካቻቢቴ ጫፍ ሲጫነው ቅርፊቱ ብቻ ተራግፎ ጠንካራ ብረት ከታየ ተስፋ አለው። ካቻቢቴው ዘልቆ ከገባ ግን፣ በተለይም ቦታው ስተርዞው፣ ሞላው ወይም የደህንነት ቀበቶው የታሰረበት አካባቢ ከሆነ፣ ላዩን በላሜራ ለብጦና ቀለም ቀብቶ ለማለፍ መሞከር በሰው ሕይወት መቀለድ ነው፤ በግጭት ጊዜ ተሳፋሪው የተቀመጠበት ክፍል እንዳይጨፈለቅ የሚያግደው ይኸው ብረት ነውና። ከዚህ በኋላ የጥገናውን ሙሉ ግምት በጽሑፍ ተቀብለው መኪናው ተጠግኖ ከሚያወጣው ዋጋ ጋር ያስተያዩት። እኔ በበኩሌ ወጪው ከዚያ ዋጋ ግማሽ ካለፈ እንዲጠገን አልመክርም።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው «እንዳለ እገዛሃለሁ፤ ሊብሬውን ብቻ ስጠኝ፣ ስሙን በኋላ አዞረዋለሁ» አለኝ። ችግር ይኖረዋል?

መልስ፦ አዎን፣ ትልቅ ችግር አለው። ስሙ እስካልዞረ ድረስ በመዝገብ የሚታወቁት ባለቤት እርስዎ ስለሆኑ፣ የትራፊክ ቅጣቱም ሆነ ክፍያው፣ ከዚያም አልፎ መኪናው አደጋ ቢያደርስ ወይም ለወንጀል ቢውል፣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእርስዎ በር ነው። ገዢው ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እሱ ደግሞ በተመሳሳይ መንገድ ለሦስተኛ ሰው አሳልፎ ከሰጠው መኪናው ማን እጅ እንዳለ እንኳ የሚያውቁበት መንገድ አይኖርም። ስለዚህ ሽያጩ በጽሑፍ ይሁን፤ መኪናው ምርመራውን እንዳላለፈ በውሉ ላይ በግልጽ ይስፈር፤ የምርመራው ውጤት ቅጂም አብሮ ይያያዝ። ጉድለቱን ደብቆ መሸጥ በሕግ ከማስጠየቁም በላይ የማያውቅ ሰው ፍሬን በሌለው መኪና ቤተሰቡን እንዲጭን ማድረግ ነው። መኪናው ከግቢዎ ሲወጣም እየተነዳ ሳይሆን በመኪና ላይ ተጭኖ ይውጣ። ገዢው ለመፍታት የሚወስደው ከሆነ ደግሞ ታርጋውን ለሚመለከተው ክፍል መልሰው ከመዝገብ መሰረዙን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይቀበሉ። ኢንሹራንሱን ማቋረጥ የሁሉም መጨረሻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ራሴ ግቢዬ ውስጥ ፈትቼ ዕቃ በዕቃ ብሸጠው የተሻለ አገኝበታለሁ ብዬ አስባለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ በርና መስታወት ለየብቻ ሲሸጡ የተሻለ ገንዘብ እንደሚያስገኙ እውነት ነው። ነገር ግን መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ፈሳሾቹን ያስቡ። ነዳጁ፣ የሞተር ዘይቱ፣ የፍሬን ዘይቱና የራዲያተሩ ፈሳሽ በየራሳቸው ክዳን ባለው ዕቃ ተቀድተው ስማቸው ሊጻፍባቸው ይገባል፤ በመጠጥ ውኃ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቅዷቸው። በራዲያተር ፈሳሽ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኢትሊን ግላይኮል ጣፋጭ ጣዕም ስላለው ልጅም ሆነ ውሻ ሊቀምሰው ይችላል፤ ኩላሊትን የሚያወድም ገዳይ መርዝም ነው። የአየር ማቀዝቀዣውን ጋዝ ባለሙያ በመሣሪያ ይሳበው እንጂ ወደ አየር አይልቀቁት፤ ብዙ መኪኖች የሚጠቀሙበት አር-134ኤ የተባለው ጋዝ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ምድርን የማሞቅ ኃይል አለው። ያልፈነዳ ኤርባግ በውስጡ ተቀጣጣይ ኬሚካል ስለያዘ በመዶሻም በኤሌክትሪክ ገመድም አይነካካ።

ከሁሉ አብልጬ የማሳስበው ስለ ባትሪው ነው። በውስጡ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) እና ሰልፈሪክ አሲድ ስላለ ሳይሰበር፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ባትሪ መልሶ ለሚጠቀም ሕጋዊ ድርጅት ይሰጥ። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ዳርቻ በምትገኘው ቲያሮዬ ሱር ሜር አሮጌ ባትሪዎች በመኖሪያ ሠፈር እየተሰበሩ ሊዱ ከአፈሩ ይለቀም ስለነበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞተዋል። የተገደሉት በሊድ በተበከለ አቧራና አፈር ነው። መኪናው ሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሠራ) ከሆነ ደግሞ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ኃይል ስለሚያስተላልፉ እርስዎ አይንኳቸው።

ጥያቄ፦ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው በኪሎ ሊወስደው ነው። እንዳልታለል ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሲመዘን ቆመው ይዩ፤ ከመመዘኑም በፊት ውድ የሆኑትን ይለዩ። በጭስ ማውጫው መስመር ላይ ያለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስለሚይዝ በብረት ሂሳብ መሄድ የለበትም። የአሉሚኒየም ቸርኬም እንዲሁ ለብቻው ይመዘን፤ አሉሚኒየምን አቅልጦ መልሶ መጠቀም አዲስ ለማምረት ከሚያስፈልገው ኃይል 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ስለሚፈልግ ፈላጊው ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ መኪናው የሟቹ አባቴ ነው። ሊብሬው አሁንም በስማቸው ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ያውጡ። ሌሎች ወራሾች ካሉ ስምምነታቸው በጽሑፍ እስኪገኝ ድረስ አንድም ዕቃ አይፍቱ።

ጥያቄ፦ ለቴክኒክ ትምህርት ቤት ልሰጠው እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ እጅግም እደግፈዋለሁ። መንገድ ላይ መውጣት የማይችል መኪና ሞተርና ካምቢዮ መፍታት ለሚማር ተማሪ በቂ ነው። ትምህርት ቤቱ ለመቀበል ፈቃደኛ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ታርጋውን ለሚመለከተው ክፍል ይመልሱ፤ የርክክቡ ደብዳቤም መኪናው ለማስተማሪያ ብቻ እንደሚውልና ወደ መንገድ እንደማይመለስ በግልጽ ይግለጽ።