ሐመሩ ፈረስ መርከብ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህር። የምጽፍልዎ ከወረኢሉ ነው። ባለፈው ሰንበቴ ላይ ጠበል ጠዲቅ ቀምሰን ስንጨዋወት የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 ተነሣ። ከተማ ተምሮ የመጣ የሰፈራችን ልጅ «አራተኛው ፈረስ ሐመር ይባላል። ሐመር ደግሞ በግዕዝ መርከብ ነው። ስለዚህ ፈረሱ ቀይ ባሕር ላይ ያሉት የጦር መርከቦች ናቸው። አለቀ! ስምንተኛው ሺህ ገብቷል» አለ። ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ። እኔም የምመልሰው አጣሁ። እውነት ሐመር መርከብ ነው? ከሱ በፊት ያሉት አምባላይ፣ ዳማ፣ ጉራቻ የሚሉት ቃላትስ ምንድን ናቸው? ለምን ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር ብሎ አይገላግለንም? ስምንተኛው ሺህ የሚባለውስ መቼ ነው የገባው?

መልስ፦ ልጁ ግማሹን ልክ ነው። ሽማግሌዎቹን ዝም ያሰኛቸውም ይኸው ይመስለኛል። በግዕዝ ሐመር መርከብ ነው። ሐመረ ኖኅ ሲባል የኖኅ መርከብ ማለት ነው። እዚህ ድረስ ሙግት የለም። ነገሩ የሚበላሸው የግዕዙን ቃል አምጥቶ አማርኛው ላይ ሲለጥፈው ነው።

አማርኛ የፈረስ መልክ ሲጠራ የሚጠቀምበት ሌላ ሐመር አለው። የደበዘዘ፣ የገረጣ መልክ ነው። ሁለቱ ሞክሼዎች ናቸው፤ ስማቸው አንድ ነው፣ ቤታቸው ለየቅል። «ሳለ» የሚለውን ቃል ይመልከቱ። ሥዕል የሠራውም ሳለ፣ ጉንፋን የያዘውም ሳለ፣ ቢላውን ያሾለውም ሳለ። ታዲያ «ሠዓሊው ግድግዳው ላይ ማርያምን ሳለ» ብልዎ «ምነው፣ ጉንፋን ያዘው?» አይሉኝም። አጠገቡ ያሉት ቃላት የትኛው «ሳለ» እንደሆነ ነግረውዎታል።

ሐመርም ጎረቤቶች አሉት። ከፊቱ አምባላይ ወጣ፣ ዳማ ወጣ፣ ጉራቻ ወጣ። ሦስቱም የፈረስ መልክ ናቸው። ባለ ራእዩ አራተኛው ላይ ሲደርስ በድንገት ወደ ወደብ የሚሮጥበት ምክንያት የለም።

መጽሐፉ መጀመሪያ የተጻፈበትን ግሪክኛ ካየን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። እዚያ ያለው ቃል «ክሎሮስ» ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ፣ ገርጣ ያለ ማለት ነው። እዚያው ራእይ 8፥7 ላይ ስለ ለመለመው ሣር ሲናገር ያለውም ይኸው ቃል ነው። ውኃ የምናክምበት ክሎሪን እንኳ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ ጋዙ ቢጫ አረንጓዴ ስለሆነ። ሣር ላይ ሲሆን ልምላሜ ነው። ሞት የተቀመጠበት ፈረስ ላይ ሲሆን ግን የሬሳ ፊት ነው። እኛ «ፊቱ አመድ መሰለ» እንደምንለው።

አረብኛ የቀራ የወሎ ሰው ደግሞ «አሕመር ቀይ አይደል እንዴ?» ሊልዎ ይችላል። ይህንንም ሰምቼ አውቃለሁ። በዚህ ከሄድን አንዱ ምስኪን ፈረስ በአንድ ቀን መርከብም ቀይም ይሆንልናል።

ልጁን ግን ብዙ አልወቅሰውም። በድምፅ መመሳሰል መታለል የቆየ ነገር ነው። ዮሐንስን «አቡቀለምሲስ» ስንለው ሰምተዋል? ቃሉ የግሪኩ «አፖካሊፕሲስ» ነው፤ ትርጉሙ መገለጥ፣ መሸፈኛን ማንሣት ነው። በአረብኛ በኩል ሲያልፍ መነሻው «አቡ» ሆኖ ቁጭ አለ። የመጽሐፉ ስም የነበረው የሰውዬው መጠሪያ ሆነ። እሱ ግን ማንንም አላስደነገጠም።

አሁን ወደ ፈረሶቹ። ብዙዎቻችን ቤት ያለው የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አምባላይ፣ ዳማ፣ ጉራቻ፣ ሐመር ያለው አማርኛው ፈረስ አዋቂ ስለሆነ ነው። ፈረስ ያረባ ሕዝብ ፈረሱን «ነጭ» አይለውም። አምባላይ ይለዋል። ቀላ ያለውን ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ቦራ ይለዋል። ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት ዳማ ነበረ። አንድ ቀን «ቀዩ ፈረስ» ብዬ ስጠራው አያቴ ከት ብሎ ሳቀብኝ። «ቀይ በርበሬ ነው» አለኝ።

ጉራቻ ጥቁር ማለት ነው። ቃሉ የኦሮምኛ ነው። ይህን ለወረኢሉ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የከተማዎ ስም «ወረ» ብሎ የሚጀምረው በኦሮምኛ የእነ እገሌ ወገን፣ የእነ እገሌ ቤት ለማለት ነው። ወረባቦም ወረሂመኖም እንዲሁ ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ በፍጥሞ ደሴት የታየ ራእይ በግሪክኛ ተጽፎ አማርኛ ላይ ሲደርስ የኦሮምኛ ስም ያለው ፈረስ ይዞ መጣ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ጥቁሩ ፈረስ የረሃብ ምሳሌ ነው ሲባል ግን ጥቁር መልክ በራሱ ክፉ ነው ማለት አይደለም። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ነበር። ሻንቆ ጥቁር ነው፤ ጥቁር ውሻ ያለው ሰው ሁሉ ሻንቆ ይለው የለ? በእሳቸው ዘንድ ጥቁር ፈረስ ግርማ ነበር። የዮሐንስን ጥቁር ፈረስ ረሃብ ያደረገው ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ የተቀመጠበት በእጁ የያዘው ሚዛን ነው። ከዚያ «አንድ እርቦ ስንዴ በዲናር፣ ሦስት እርቦ ገብስ በዲናር» የሚል ድምፅ ይሰማል። ዲናር የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ነበር። ማቴዎስ 20 ላይ የወይኑ ቦታ ሠራተኞች በቀን አንድ ዲናር የተዋዋሉት በዚሁ ሒሳብ ነው። የግሪኩ መስፈሪያ ደግሞ አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ የአንድ ሰው የቀን ቀለብ። ተርጓሚዎቹ እኛ በምናውቀው በእርቦ ተኩት። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር ውሎ የሚያገኘው የራሱን እንጀራ ብቻ ነው። ልጆች ካሉት ስንዴውን ትቶ ገብስ ይገዛል። በወሎ የ66ቱን ወይም የ77ቱን ረሃብ ያየ ሰው ይህን ቁጥር ያለ ሐተታ ይረዳዋል። እህል ሲወደድ ሰው መጀመሪያ የሚለውጠው የእህሉን ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋው ዋና ጉዳይ ይመጣል። «77 ጥቁሩ ፈረስ ነው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። «77 ጥቁሩን ፈረስ ያስታውሰኛል» የሚልም አጋጥሞኛል። የሚለያዩት በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ነው። ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው።

አማርኛው «ነው» ሁለት ሥራ ይሠራል። «አያ እገሌ ገበሬ ነው» ስንል ሰውዬው ገበሬ ነው፣ አለቀ። «አያ እገሌ አንበሳ ነው» ስንል ግን ጭራ የሚፈልግለት የለም። ራእይ የሚናገረው በሁለተኛው «ነው» ነው። አንዳንድ ጊዜ መጽሐፉ ራሱ ይፈታልናል። 1፥20 ላይ ሰባቱ መቅረዞች ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው ይላል። 17፥12 ላይ አሥሩ ቀንዶች አሥር ነገሥታት ናቸው ይላል። ይህ ለአማርኛ ጆሮ አዲስ አይደለም፤ «ቀንድ ቀንዱን» ስንልስ አለቆቹን ማለታችን አይደል? 17፥15 ላይ ደግሞ ውኃዎቹ ሕዝብና ቋንቋ ናቸው። መጽሐፉ «ናቸው» ባለበት ቦታ እኛም «ናቸው» ማለት እንችላለን። አራተኛው ፈረስ ላይም ነግሮናል። የተቀመጠበት ስሙ ሞት ነው፣ ሲኦልም ይከተለዋል። መጽሐፉ ስሙን ጠርቶ ከነገረን በኋላ ልጁ ሌላ ስም ሊያወጣለት ተነሣ።

መጽሐፉ ዝም ባለበትስ? ለዚህ ነው የእኛ ሊቃውንት «አንድም» የሚሉት። ቃሉ አስቸጋሪ ነው። «አንድም ሰው አልመጣም» ስንል ማንም ማለት ነው። «አንድም ና፣ አንድም ቅር» ስንል ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ነው። የመጻሕፍት ቤቱ «አንድም» ግን ሦስተኛ ነው። የፊተኛውን ሳይሰርዝ ሌላ ይጨምራል። እንዲህ ነው፤ እንዲህም ይሆናል ማለት ነው። የትርጓሜው ስም ራሱ አንድምታ የተባለው ከዚህ ነው።

አምባላዩ ፈረስ ጥሩ ማሳያ ነው። ተርጓሚዎች የተከራከሩበት ነው። ምዕራፍ 19 ላይም አምባላይ ፈረስ አለ፤ የተቀመጠበት የእግዚአብሔር ቃል ይባላል። ስለዚህ የምዕራፍ 6ቱም ክርስቶስ ነው ያሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ የፊተኛው ቀስትና አንድ አክሊል ነው ያለው፣ የኋለኛው ከአፉ ሰይፍ ይወጣል፣ በራሱ ላይም ብዙ ዘውዶች አሉ፤ ስለዚህ የፊተኛው ዓለምን የሚወርር ድል አድራጊ ነው ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ተከታዮቹ ሦስቱ ጦር፣ ረሃብና ሞት ሆነው ሳለ የመጀመሪያው ብቻ የምሥራች መሆኑ አይዋጥልኝም። ግን «አንድም» ብዬ ነው የማደላው። ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት ጥቅስ አላቸው። ልጁ የሚጠቅሰው ሞክሼ ቃል ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ከትርጉሙ እንጂ ከመጽሐፉ የመጣ አይደለም። እንግሊዝ ወይም ግብጽ ውስጥ ይህን ምዕራፍ የሚያነብ ሰው ሐመር የሚባል ቃል ሰምቶ አያውቅም። እሱ መርከቡን ከየት ያምጣው?

ደብዳቤዎ ላይ ባይኖርም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ ነው። «ወጣ» ይላልና ነገሩ አልፏል ማለት ነው? ወይስ ገና ነው? ኃላፊው ግሥ የሚነግረን ባለ ራእዩ መቼ እንዳየ ነው። ነገሩ መቼ እንደሚሆን አይደለም። ጠዋት ተነሥታ «ጥርሴ ወለቀ» የምትል እናት ጥርሷ አልወለቀም። ያየችው ትናንት ማታ ነው፤ የምትፈራው ወደፊት ነው። ማንም ወደ ጥርስ ሐኪም አይወስዳትም። «እረፊ፣ ደግ ነው በይ» ነው የምንላት። ሕልም እንደ ፈቺው ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። ፈቺው ክፉ ከሆነ ሕልሙም ይከፋል፤ የባሕር ኃይል የሚወድ ከሆነ ደግሞ መርከብ ይገባበታል።

የስምንተኛው ሺህ መልስ አጭር ነው። በእኛ አቆጣጠር ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። በ1500 ዓ.ም. 7000 ሞላ። ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ነው ማለት ነው። 2000 ዓ.ም. ሲያልቅ ግማሹን ጨርሷል። ልጁ «ገብቷል» ማለቱ ልክ ነው፤ 500 ዓመት ዘገየ እንጂ። በአነጋገር ግን ቃሉ ቁጥርነቱን ከተወ ቆይቷል። ልጅ አባቱን ሲመልስለት «ስምንተኛው ሺህ!» ይባላል። ቡና ላይ በረካው ሳይጠጣ የተነሣ እንግዳም ይኸው ይደርሰዋል። ሙስሊሙ ጎረቤት ያንኑ አይቶ «ቂያማ ደረሰ» ይላል። ወሎ ውስጥ እነዚህ ሁለት አነጋገሮች አንድ ረከቦት ዙሪያ ሲቀባበሉ መስማት የተለመደ ነው። ደጃልና ሐሳዊ መሲሕም እንዲሁ ናቸው፤ በአረብኛው ሙሉ ስሙ አል መሲሕ አድ ደጃል ነው፣ ውሸተኛው መሲሕ። ግዕዙም ሐሰወ፣ ዋሸ ከሚለው ሐሳዊ ብሎ ያንኑ አለ። ይገርምዎታል፣ ሐሳዊ መሲሕ የሚለው ስም ራእይ ውስጥ የለም። የክርስቶስ ተቃዋሚ የሚለውም የሚገኘው በዮሐንስ መልእክቶች ነው።

ልጁን ሰንበቴ ላይ ሲያገኙት አይቆጡት። ራእይ 8፥9ን አውጥተው ያስነብቡት። የመርከቦች ሲሶ ጠፋ ይላል። መርከብ ከፈለገ እዚያ አለለት፤ ያውም መርከብ ተብሎ ተጽፎ።