መልስ፦ የህንድን ህገ መንግስት እንግሊዝ ናት የሰጠቻት?
ወንድሜ "እንግሊዝ ናት ጽፋላቸው የሄደችው ይባላል፣ እውነት ነው?" ላልከው፣ ትንሽ እውነት አለው። እንግሊዝ ካወጣችው የ1935ቱ (በፈረንጅ) የህንድ አስተዳደር አዋጅ ህንዶቹ ብዙ ነገር ወስደዋል፣ የፌዴራልና የክልል ስልጣን ክፍፍሉን ጨምሮ። ግን በዛ አዋጅ መምረጥ የሚችለው ንብረት ምናምን ያለው ጥቂቱ ሰው ነበር፣ ደሃውም ሴቷም ሁሉም አዋቂ ይምረጥ ብለው የወሰኑት በዲሴምበር 1946 ጉባኤ ተቀምጠው ሶስት አመት ገደማ የተከራከሩት ህንዶቹ ራሳቸው ናቸው። አርቃቂ ኮሚቴውን የመሩት ዶክተር አምቤድካር ደግሞ "አይነኬ" ተብለው ከሚገለሉት ወገን የተወለዱ ሰው ናቸው፣ አንቀጽ 17 ያን መገለል በህግ ሻረው፣ ይሄን የትኛውም ቅኝ ገዢ አልሰጣቸውም! ስራ ላይ የዋለበት ጃንዋሪ 26 1950 ራሱ ዝም ብሎ አልተመረጠም፣ ለነጻነት ይታገል የነበረው የህንዶቹ ፓርቲ ኮንግረስ በ1930 የሙሉ ነጻነት ቀን ብሎ ያከበረው እሱን ቀን ስለሆነ ነው።