ለባለቤቴ የትኛው ብስክሌት ይሻላል?

ጥያቄ፦ ቤታችን ፒያሳ ነው። ባለቤቴ ለገሃር ወዳለው ሥራዋ በብስክሌት መመላለስ አምሯታል፤ ለመንዳት ግን ገና ጀማሪ ናት። በርካሽ ምን ልግዛላት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብቀህ ገዝተህ ላስደስታት አትበል፣ ይዘሃት ሂድ። ዋናው ልኳ መሆኑ ነው፤ ኮርቻው ላይ ተቀምጣ እግሮቿ መሬት መንካት አለባቸው፣ ስትለምድ ከፍ ይደረጋል። ጠዋት ቁልቁለት ነው፣ ማታ ግን ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስለሆነ ማርሽ የሌለውን በነፃ ቢሰጡህም እንዳትወስድ፤ ባለ 7 ማርሽ ለጀማሪ ቀላል ነው። መርካቶ ያገለገለ ካገኘህ ጎማውን አንስተህ አሽከርክረው፣ ከተወላገደ ተወው። ፍሬኑን ይዘህ ወደፊት ግፋው፣ ጎማው ከዞረ ፍሬን የለውም ማለት ነው። የሄልሜቱንና የቁልፉን ብር ግን ከብስክሌቱ በፊት ለይተህ አስቀምጥ። መኪና መንገድ ከመውጣቷ በፊት እሁድ ጠዋት ጭር ባለ ቦታ አለማምዳት፣ እባክህ አታጣድፋት።