ያድቪጋ «አገባች» ወይስ «ተዳረች»?

ጥያቄ፦ ስለ መካከለኛው ዘመን የፖላንድ ልዕልቶች ጋብቻ አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ያድቪጋን «ንግሥት» ልበላት ወይስ «እቴጌ»? የሊቱዌኒያውን መስፍን ዮጋይላንስ «አገባች» ነው የሚባለው ወይስ «ተዳረች»?

መልስ፦ ማዕረጉ ቀላል ነው። ያድቪጋ ንግሥት ናት። እቴጌ የምንለው የንጉሠ ነገሥት ሚስትን ነው፤ እቴጌ ጣይቱ፣ እቴጌ መነን እንደምንለው። በራሷ ዘውድ የጫነችውን ዘውዲቱን ግን ንግሥተ ነገሥታት አልናት። ያድቪጋም በ1384 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ክራኮው ላይ ዘውድ ስትጭን የማንም ሚስት አልነበረችም። ገና የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች። በላቲን የተሰጣት ማዕረግ እንኳ «ሬክስ» ነው፤ ንጉሥ፣ ያውም በወንድ ፆታ። ሥልጣኑ የራሷ እንጂ በባል የመጣ አለመሆኑ እንዲታወቅ ነው።

እቴጌ ለመባል የምትበቃው ኤልዝቢየታ ናት። የፖላንዱ ንጉሥ ካዚሚር 3ኛ የልጅ ልጅ ስትሆን፣ በ1363 ለቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ካርል 4ኛ ተዳረች።

ግሡ ላይ ግን ረጋ ይበሉ። አማርኛ ለዚህ ታሪክ የሚሆኑ ሦስት ግሦች አሉት፦ ታጨች፣ ተዳረች፣ አገባች። ያድቪጋ በ1378 ገና ሕፃን ሳለች ለኦስትሪያው ቪልሄልም ታጨች። ያ እጮኝነት ፈረሰ። ዮጋይላ በ1385 በሊቱዌኒያ ግዛት ክሬቮ በተባለ ቦታ በገባው ቃል ክርስትና ሊነሳ፣ ለቪልሄልም ወገንም 200,000 ፍሎሪን (የወርቅ ሳንቲም) ካሳ ሊከፍል ተስማማ። በዓመቱ የካቲት ላይ ሰርጉ ሆነ። እዚህ ላይ «አገባች» ቢሉ ስህተት አይሆንም። ግን አንባቢው ልጅቷ መርጣ ያደረገችው ይመስለዋል። ስለዚህ እኔ «ተዳረች»ን እመርጣለሁ።

«ዳረ» ሲባል ዳሪ አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ አባት። የያድቪጋ አባት፣ የሃንጋሪና የፖላንድ ንጉሥ ሉድቪክ ግን በ1382 ሞቷል። ጉዳዩን የያዙት የፖላንድ መኳንንት ናቸው። እንግዲያው ስማቸውን ከመሸሸግ «መኳንንቱ ለዮጋይላ ዳሯት» ቢሉ ይበልጥ እውነት ነው። አደራ፣ «ለ»ን አይርሱ፤ «ዮጋይላን ተዳረች» አይባልም።

ከሰርጉ በኋላ ግን በ«ተ» የሚጀምሩትን ግሦች ይተዉላት። ብዙ ተርጓሚ እስከ መጨረሻው «ተደረገላት»፣ «ተወሰነላት» እያለ ይቀጥላል፤ ይሄ ያሳዝነኛል። በ1387 ጦር አስከትላ ወደ ሩቴኒያ (ዛሬ በምዕራብ ዩክሬን ወዳለው አገር) ዘመተች፤ ከሃንጋሪ ሹማምንት እጅም አስመለሰችው። በ1399 ከመሞቷ በፊት ደግሞ ጌጣጌጧን ለክራኮው ዩኒቨርሲቲ ተናዘዘች። ይቺኛዋ «ተናዘዘች» በ«ተ» ብትጀምርም አድራጊዋ ራሷ ናት፤ ሳይፈሩ ይጻፏት።