ከኬሞው ጋር ፍላጅል ልስጠው ወይ ላልሽው እህት

እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። «እጢው ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ኬሞውን ያከሽፋል ሲሉ ሰማሁ፤ ፍላጅል ገዝቼ ለአባቴ ልስጠው?» ብለሻል። አትስጪው። እኔም ይህንኑ ላደርግ ለትንሽ ነው የተረፍኩት።

ታላቅ ወንድሜ እዚሁ ባሕር ዳር ነው የታመመው። ሰገራው ላይ ደም ሲያይ መጀመሪያ ኪንታሮት ተባለ፣ ቀጥሎ አሜባ። በአንድ ዓመት ሦስት ዙር ፍላጅል ዋጠ። ደሙ ይቆማል፣ ይመለሳል። በካሜራ ሲታይ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ኦክሳሊፕላቲንና ካፔሲታቢን የሚባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ጀመረ። አንድ ቀን ጣና ዳር ተቀምጠን የቀዘቀዘ ለስላሳ አንስቶ፣ ጣቱን መርፌ እንደወጋው ጠርሙሱን ለቀቀው። ኦክሳሊፕላቲን ከብርድ ጋር አይስማማም። ከዚያ ወዲህ ውኃም ለብ አድርገን ነበር የምንሰጠው።

የሰማሽው ግን ተራ ወሬ አይደለም። ባክቴሪያዋ ፉሶባክቴሪየም ኑክሊያተም ትባላለች። ቤቷ አፍ ውስጥ ነው፣ ድድ ሥር። በፈረንጆች 2012 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ከጤነኛው የአንጀት ክፍል ይልቅ እጢው ውስጥ በዝታ አገኟት። በ2017 የወጣ ጥናት ደግሞ ሥራዋን አሳየ፦ ኬሞ የመታው የካንሰር ሴል ከመሞት ይልቅ የራሱን የተጎዳ ክፍል እየበላ እንዲተርፍ ታግዘዋለች። የተፈተኑት መድኃኒቶች ኦክሳሊፕላቲንና ፍሎሮዩራሲል ናቸው። ካፔሲታቢን ደግሞ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚቀየረው ወደ ፍሎሮዩራሲል ነው። የወንድሜ መድኃኒት! ሳነበው ላብ አጠመቀኝ።

በዚያው ዓመት፣ ይህቺው ባክቴሪያ ያለችበት የሰው እጢ ለተተከለባቸው አይጦች ሜትሮኒዳዞል (ያው ፍላጅል) ሲሰጣቸው የእጢው እድገት ቀነሰ። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ደግሞም አይጥ ነው። የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ ባይሆንም፣ የወንድሜ እጢ ሦስቱን ዙር ፍላጅል አልፎ ነው የተገኘው።

እኔ ግን ያኔ ይህን ሁሉ አላሰብኩም። እሽጉን ገዝቼ በኪሴ ይዤ ኬሞ ክፍል ሄድኩ። ደግነቱ ሲስተሯን ጠየቅኋት። «ለማንም እንዳትሰጥ!» አለችኝ። ፍላጅል ፍሎሮዩራሲል ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ሲቆይ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፣ አፍ ይቆስላል፣ ተቅማጡ ይብሳል። በኬሞ የደከመ ሰው ደግሞ ያንን አይችልም።

አባትሽን ተቅማጥ ከያዘው ወይም ካተኮሰው ሳታድሪ ውሰጂው። የሰገራ ምርመራ አሜባ ቢያሳይ እንኳ፣ ፍላጅሉን ከመዋጡ በፊት ኬሞውን ያዘዘው ሐኪም ይወቀው።