«የት ገባች?» ለሚሉን ምን እንበል

ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የማታ ሺፍት እሠራለሁ። ባለቤቴ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያ ልጃችን ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። ጎበዝ ናት፣ ግን ዝምተኛ ናት። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች እጇን አታወጣም ይሉኛል አስተማሪዎቿ። ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ ትላለች፤ አልጋዋ ሥር ተከምሮ የማገኘው ግን የፍልስፍና መጽሐፍ ነው።

የትምህርት ቤት አማካሪዋ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ፣ ማለትም ትንሽ ሆኖ ከሳይንስ እስከ ፍልስፍና የሚያስተምር ኮሌጅ፣ ይሻልሻል ብላት እዚያ እዚያ አመለከተች። ማካሌስተርና ግሪኔል ተቀብለዋታል። አንዱ ሚኒሶታ ነው፣ ሌላው አይዋ። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድም ገብታለች። አሁን የምትጠብቀው ስዋርትሞር የሚባለውን ኮሌጅ መልስ ነው። እስከ ማርች መጨረሻ ይወጣል ስለተባለ ቤታችን ሰላም አጥቷል። ስልኩ ከእጇ አይወርድም። ባለፈው ቅዳሜ እንጀራ ስጋግር አጠገቤ መጥታ «እማ፣ ዛሬ ማታ ሊወጣ ይችላል» አለችኝ። አልወጣም። እኔም አብሬያት ስልኩ ላይ ሳፈጥ ምጣድ ላይ ያለውን አሳረርኩት።

ባለቤቴ ግን መጠበቁም አይገባውም። «ሜሪላንድ 20 ደቂቃ ነው፤ ቤቷ ሆና ትማር። ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ኮሌጅ፣ እዚያ በረዶ ውስጥ፣ ሴት ልጄን አልልክም» ብሏል። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድም የሰው ሁሉ ጥያቄ «የት ገባች?» ነው። «ማካሌስተር» ስላቸው «እ... ጥሩ ነው» ብለው ወሬ ይቀይራሉ። የጓደኛዬ ልጅ ስመ ጥሩው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የገባ ጊዜ እልልታ ነበር። አልዋሽዎትም፣ ቀናሁ።

የእርዳታ ደብዳቤውም ግራ አጋብቶናል። የትኛው ኮሌጅ ምን እንደሰጣት እንዳልጽፍ ልጄ ስለለመነችኝ አንደኛውና ሁለተኛው ልበላቸው። አንደኛው የዓመት ወጪው 87 ሺህ ዶላር ሆኖ «ጠቅላላ እርዳታ 76 ሺህ» ይላል። ከሥሩ ሎን 5,500፣ ወርክ ስተዲ 3,000 የሚል አለበት። ሁለተኛው ወጪው 86 ሺህ፣ እርዳታው 72 ሺህ ነው። ሎን የለውም፤ ወርክ ስተዲ 2,500 አለው። ባለቤቴ «የግድ ከሄደችም 76 የሰጣት ጋ ትሂድ» ይላል። እሱ ደግሞ በየወሩ ደብረ ብርሃን ላሉት እናቱ ገንዘብ ይልካል። የእርዳታ ማመልከቻ ፎርሙ ላይ ይህን የምንሞላበት ቦታ አላገኘንም።

የትኛውን ትምረጥ? እስከዚያስ እንዴት እንጠብቅ?

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

—

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት። ሦስት ቦታ የገባች ልጅ ያለችበት ቤት እንዲህ ለቅሶ ቤት መምሰል አልነበረበትም።

ከገንዘቡ ልጀምር። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኮሌጆቹም ደብዳቤውን ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ስለሚጽፉት ለማወዳደር አይመችም። 76 ከ72 ይበልጣል፣ ልክ ነው። ግን 76ቱ ውስጥ እርዳታ ያልሆነ ነገር ተደምሯል። ሎን እዳ ነው። 5,500 በወላጆቹ ሥር ላለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የፌዴራል መንግሥት የሚፈቅደው የብድር ጣሪያ ነው። በየዓመቱ ከፍ እያለ፣ ሙሉውን ከወሰደች፣ በአራት ዓመት 27 ሺህ ዶላር ይደርሳል። ወርክ ስተዲ ደግሞ ልጅዎ ላይብረሪ ወይም ካፍቴሪያ ውስጥ ሠርታ በቼክ የምታገኘው ደሞዝ ነው። ሳትሠራ አይመጣም፤ ኦገስት ላይ የሚመጣውን ቢልም አይቀንስም።

ስለዚህ ሁለቱንም ያውጡና ዳግም ይቀንሱ። አንደኛው በነጻ የሰጣት 67,500 ነው። ከ87 ሺህ ላይ ሲቀነስ 19,500 ይቀራል። ሁለተኛው በነጻ የሰጣት 69,500 ነው። ከ86 ሺህ ላይ ሲቀነስ 16,500 ይቀራል። ባለቤትዎ «ብዙ የሰጠ» ያሉት ኮሌጅ በዓመት 3 ሺህ፣ በአራት ዓመት 12 ሺህ ዶላር ይበልጥባችኋል።

ይህ ሁሉ ግን ለኮሌጁ የሚከፈል አይደለም። የዓመት ወጪ የሚሉት ውስጥ የመጽሐፍ፣ የአውሮፕላን ትኬትና የኪስ ገንዘብ ግምት አለበት። ያገለገለ መጽሐፍ ከገዛች፣ በየበዓሉ ካልተመላለሰች፣ ከዚያ ላይ መቆጠብ ይቻላል። የጤና ኢንሹራንስም ይጠይቁ። በእናንተ ኢንሹራንስ ከተሸፈነችና እዚያ የሚሠራ ከሆነ የኮሌጁን እንዳትገዛ ማስቀረት ትችሉ ይሆናል።

ለደብረ ብርሃኑ ገንዘብ ፎርሙ ላይ ቦታ አለማግኘታችሁ አያስገርምም። ግን ለሁለቱም ኮሌጆች ፋይናንሻል ኤይድ ኦፊስ (የእርዳታ ክፍል) ደብዳቤ ጽፎ እንደገና እንዲያዩት መጠየቅ ይቻላል። ነውር የለውም፤ ፈረንጆቹም ይጠይቃሉ። የሐዋላውን ደረሰኝ ሰብስቡ። ሥራ ላይ ሰዓት የተቀነሰ ወይም ኦቨርታይም የቆመ ካለ የደሞዝ ወረቀቱን አያይዙ። የታመመ ሰው ካለ የሕክምና ቢሉን። ይጨምራሉ ብዬ ቃል አልገባልዎትም። የሚጽፈው ግን ልጅዎ ከሆነችና ደብዳቤው አንድ ገጽ ከሆነ ይነበባል።

የሜሪላንዱን የእርዳታ ደብዳቤ ለምን እንዳልጻፉልኝ አላውቅም። እሱንም ጠረጴዛው ላይ ያውጡት። ለግዛቱ ነዋሪ የትምህርት ክፍያው 12 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። እርዳታ ከተጨመረበትና ቤቷ ከተኛች በጣም ሊረክስ ይችላል። ባለቤትዎ ከዚህ ተነስተው የሚናገሩ ከሆነ ክርክራቸው ጥሩ ክርክር ነው፤ አልንቀውም። «ስሙን ሰምቼው አላውቅም» የሚለው ግን አያስኬድም።

ምክንያቱም የእነዚህን ኮሌጆች ተማሪዎች እሳቸውም ያውቋቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቁት ከማካሌስተር ነው። የደቡብ ሱዳኑን አማጺ መሪ ጆን ጋራንግን በሰማንያዎቹ ዓመታት ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ኢኮኖሚክስ ተምረው በ1969 የተመረቁት ከግሪኔል ነው። ቤተ ክርስቲያን «የት ገባች?» ላሏችሁ ይህን ማለት ትችላላችሁ። ባትሉም አትጎዱም፤ ቢሉን የሚከፍሉት እነሱ አይደሉም።

ስለ ልጅዎ ከጻፉት ሁሉ እኔን የያዘኝ እጇን አታወጣም ያሉት ነው። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማሩ 30 ሺህ ገደማ ተማሪዎች አሉት። የመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የሚሰጠው በትልልቅ አዳራሽ ነው። እዚያ የሚያብብ ልጅ አለ። ፕሮፌሰሩን ከክፍል በኋላ አባርሮ የሚይዝ፣ ላብራቶሪ ያስገቡኝ ብሎ በር የሚያንኳኳ። ዝምተኛ ልጅ ግን አራት ዓመት ሙሉ ማንም ስሟን ሳያውቅ፣ ጥሩ ውጤት ይዛ ልትወጣ ትችላለች። ማካሌስተርና ግሪኔል ሁለት ሺህ ገደማ ተማሪዎች ያሏቸው ናቸው። ትኩረታቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ላይ ስለሆነ የሚያስተምረው ፕሮፌሰሩ ራሱ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ አብሮት የሚሠራውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነው። ክፍል ውስጥ አሥራ አምስት ሰው ሆነው ክብ ሲቀመጡ ዝም ማለት ይከብዳል።

ሐኪም መሆኗ እንዳያሳስብዎ። እዚህ አገር በአብዛኛው እንደኛ አገር ዲግሪ ሳይያዝ ሕክምና አይገባም። መጀመሪያ ዲግሪ ይያዛል፤ ምንም ዓይነት ዲግሪ ይሁን። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ወስዳ ኤምካት በሚባለው ፈተና ጥሩ ውጤት ካመጣች በፍልስፍና ተመርቃም ማመልከት ትችላለች። የሕክምና ትምህርት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። የሚያውቃት ፕሮፌሰር የሚጽፈውና ስሟን ከዝርዝር የሚያይ ፕሮፌሰር የሚጽፈው አንድ አይደለም።

ነርሲንግ ወይም ኢንጂነሪንግ ብትል ኖሮ ሌላ ነገር እነግርዎት ነበር፤ አብዛኞቹ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች እነዚያን አይሰጡም።

እንግዲህ ከሁለቱ የቱ? ማካሌስተር ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ነው። በዚያ አካባቢ ብዙ ሐበሻ አለ። እንጀራ አይጠፋም፣ ቤተ ክርስቲያን አይጠፋም፣ ከዋሽንግተን በቀጥታ ይበረራል። ግሪኔል ከተማዋም ስሟ ግሪኔል ነው፤ ነዋሪዋ አሥር ሺህ አይሞላም። ደሞይን ከተማ ከአውሮፕላን ወርዶ አንድ ሰዓት ያህል በመኪና ይኬዳል። በሌላ በኩል ግሪኔል ሁሉም ተማሪ የግድ እንዲወስደው የሚያዘው ኮርስ የመጀመሪያ ሴሚስተሩን ቱቶሪያል (በትንሽ ቡድን የሚሰጥ ትምህርት) ብቻ ነው። ሌላውን ከአማካሪዋ ጋር ራሷ ትመርጣለች። አልጋዋ ሥር ፍልስፍና ለምትከምር ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በረዶው ሁለቱም ጋ አለ። አላቃልለውም፤ ጥሩ ጃኬት ይገዛል።

የኔ ሚዛን በትንሹ ወደ ማካሌስተር ያደላል፤ ያውም ለአባቷ ሲባል። እሁድ ቅዳሴ የምትደርስበት ቦታ መኖሩ የእሳቸውን ግማሽ ጭንቀት ይቀንሳል። ግን እኔ አይደለሁም እዚያ የማድረው። ኤፕሪል ላይ ኮሌጆቹ የተቀበሏቸውን ተማሪዎች የሚጋብዙበት ቀን አላቸው። ትኬት የሚችሉም አሉ፤ ደውላ ትጠይቅ። ከቻላችሁ አባቷ አብረዋት ይሂዱ። ጉብኝቱን ለሚያስጎበኛት ልጅ ትተው፣ እሳቸው ካፍቴሪያ ቁጭ ብለው የሚበሉትን ልጆች ይዩ። እሷ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይዛ ትሂድ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ምን ትሠራላችሁ ትበላቸው። ስለ ትምህርቱ ሁሉም ጥሩ ነው ይሏታል።

ስለ መጠበቁ ብዙ የምለው የለኝም። «ወጣ ወይ?» ማለቱን ያቁሙ፤ ሲወጣ ከእርስዎ በፊት የምታውቀው እሷ ናት። ብቻዋን መክፈት ከፈለገች በሩን ዘግታ ትክፈት። እንቢ ካሏት «ለበጎ ነው» የሚለውን ቢያንስ ለሁለት ቀን ያቆዩላት። እውነት ቢሆንም በዚያች ሰዓት አይሰማም። የጓደኛዎን ልጅ ስምም አያንሱ።

ስዋርትሞር ከተቀበላት ሒሳቡን ከላይ እንዳደረግነው ይሥሩት። ከፊላደልፊያ ወጣ ብሎ ነው፣ በመኪና ከእናንተ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው፤ ባለቤትዎ ድንገት ስሙን መውደድ ሊጀምሩ ይችላሉ። ዌይትሊስት (ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ) ካደረጓት ግን ተስፋዋን እዚያ አታስቀምጥ። ሜይ 1 ከማለፉ በፊት ከተቀበሏት በአንዱ ዲፖዚት (የቦታ ማስያዣ ገንዘብ) ታስገባ። በአንዱ ብቻ፤ ሁለት ቦታ ማስገባት ከታወቀ ሁለቱንም ሊያሳጣት ይችላል። ዌይትሊስቱ ላይ መቆየት ከፈለገች ዲፖዚት አስገብታም መቆየት ትችላለች። በኋላ ቢጠሯትና ብትሄድ የምታጣው ያስገባችውን ዲፖዚት ነው። እሺ ከማለቷ በፊት ግን የእርዳታ ደብዳቤውን በጽሑፍ ትጠይቅ፤ ለዌይትሊስት ብዙ ጊዜ የሚቀረው ገንዘብ አነስተኛ ነው።