መልስ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት 88 ማይል ስነዳ ተያዝኩ፣ በኦንላይን ከፍዬ ልገላገል?

ወንድሜ፣ አይሆንም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ከተፈቀደው በ20 ማይል መብለጥ፣ ሬክለስ ድራይቪንግ (በግዴለሽነት መንዳት) ነው፤ የትራፊክ ቅጣት ብቻ ሳይሆን ወንጀል። ክላስ 1 ሚስዲሚነር (ከቀላል ወንጀሎች ከባዱ ደረጃ) ስለሆነ የቅጣቱ ጣሪያ 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር ነው። መንጃ ፈቃድህም እስከ 6 ወር ሊታገድ ይችላል።

ፖሊሱ የሰጠህ ወረቀት ላይ በተጻፈው ቀን ፍርድ ቤት ቅረብ። ከዚያ በፊት የመኪናህን ፍጥነት መለኪያ አስመርምርና የምርመራውን ወረቀት ይዘህ ሂድ። መለኪያው የተሳሳተ ሆኖ ሲገኝ ዳኛው ክሱን ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት ሲያወርዱ አይቻለሁ።

ዜግነት ካልወሰድክ ግን አደራ፦ ጥፋተኛ ነኝ ከማለትህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር። «ትራፊክ ነው» ብለው የዜግነት ማመልከቻው ላይ ሳይጽፉት ቀርተው፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ለምን ደበቅክ ተብለው የተቸገሩ ሰዎች አውቃለሁ።